«እንደ» የሌለበት ሥዕል፤ የእስክንድር ቦጎስያን «የሌሊት በረራ» ከባሮ ዳር ሲታይ

በዚህ መጽሔት ገጾች ላይ ዘወትር የሚወጡት ጥናቶች ስለ ጋብቻ ሥርዓት፥ ስለ ዓሣ ማጥመድ፥ ስለ ወንዝ ዳር እርሻና ስለ ከብት ጥሎሽ የሚናገሩ ናቸው። እኛም ለዛሬው ዕትም ስለ አንድ ሥዕል ለመጻፍ ስንነሣ፥ «ሥዕልን ከጥናት ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ጓደኛ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ነገር ግን አንባብያን እስከ መጨረሻው ቢታገሡን፥ ነገሩ ስለ ቀለምና ስለ ሸራ ብቻ አለመሆኑን፥ እኛ ተማሪዎች የአባቶቻችንን ቃል በምንጽፍበት አኳኋን ላይም የሚነካ ነገር እንዳለው ለማሳየት እንሞክራለን።

ሥዕሉ እስክንድር ቦጎስያን በ1964 የሣሉት፥ «የፍርሃትና የደስታ የሌሊት በረራ» የተባለው ሥራ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) ዛሬ የሚገኘው በአሜሪካ፥ በራሊ ከተማ፥ በሰሜን ካሮላይና የሥነ ጥበብ ሙዚየም ነው። የተሠራው በሸራ ላይ በዘይት ቀለም ሲሆን፥ የተለጠፈ ነገርም አለበት፤ ወርዱም ቁመቱም ወደ አንድ ሜትር ተኩል ይጠጋል። እኛ ያየነው በታተመ ቅጂ ብቻ ስለ ሆነ፥ ስለ ቀለሙ ውፍረትና ስለ ገጹ ሻካራነት ፍርድ አንሰጥም። የምንናገረው በቅጂም ቢሆን ሳይጠፋ ስለሚደርሰው ነገር፥ ማለት ስለ ቅርጹ፥ ስለ አቀማመጡና ስለ አሳቡ ነው።

ወደ ሥዕሉ ከመግባታችን በፊት አንድ የትምህርት ቤት ትዝታ እናስቀድም። በአንድ የሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስንማር፥ ስለ አገራችን ልማድ አንድ ገጽ ድርሰት እንድንጽፍ ታዘዝን። ከክፍል ጓደኞቻችን አንዱ፥ የኑዌር ልጅ፥ «መንቶች ወፎች ናቸው» ብሎ ጻፈ። መምህሩም በቀይ ቀለም አርመው «መንቶች እንደ ወፍ ናቸው ተብሎ ይታመናል» በል አሉት። ልጁ ቆሞ «እንደ ወፍ አይደሉም፤ ወፎች ናቸው» ብሎ ቢከራከር ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኛም ከሳቁት መካከል ነበርን። ከዚያ ወዲህ ነገሩን ረስተነው ነበር፤ የእስክንድርን ሥዕል ባየን ጊዜ ግን ያ ሳቅ ተመልሶ መጣብን። ሥዕሉን ስናይም በመጀመሪያ ያደረግነው ያንኑ ነበርና፤ ሳቅን።

፩. ስለ ሠዓሊው በጥቂቱ

እስክንድር ቦጎስያን በ1937 በአዲስ አበባ ተወለዱ። አባታቸው የአርመን ዘር ያላቸው የክብር ዘበኛ መኮንን፥ እናታቸው ኢትዮጵያዊት ነበሩ። በልጅነታቸው የቄስ ትምህርት ቤትን ከቀመሱ በኋላ በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተማሩ። በ1955 በመንግሥት ወጪ ወደ ለንደን ተላኩ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ፓሪስ ተሻግረው ዘጠኝ ዓመት ያህል ኖሩ። በ1966 ወደ አገራቸው ተመልሰው በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እስከ 1969 አስተማሩ፤ በ1967 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅትን ሽልማት ተቀበሉ። ከዚያም ወደ አሜሪካ ሄደው ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ እስከ 2001 በዋሽንግተን በሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆኑ፤ በ2003 በዚያው ከተማ ዐረፉ።

በእሳቸው ዘመን የኢትዮጵያ አዲስ ሥዕል በአንድ መንገድ ብቻ የሚሄድ አልነበረም። አፈወርቅ ተክሌ በ1961 በአፍሪካ አዳራሽ የመስተዋት ሥዕል ሲሠሩ የአፍሪካን ባርነትና ነጻነት ሁሉም ሰው በሚያነበው ግልጽ ምሳሌ አቀረቡት፤ ችቦውን ያየ ሁሉ ችቦው ምን እንደ ሆነ አይጠይቅም። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ደግሞ ከጀርመን ተመልሰው ቅርጽን ከነገር አላቀው፥ ቀለም ራሱ እንዲናገር አደረጉ። እስክንድር ከሁለቱም ተለዩ። ምሳሌ አልሠሩም፤ ነገርንም አልተዉም። ክንፍ አለ፥ ዐይን አለ፥ አካል አለ፤ ነገር ግን ክንፉ የማን፥ ዐይኑ የምን፥ አካሉ የየትኛው ፍጥረት እንደ ሆነ ቈርጦ መናገር አይቻልም። የሳቃችንም ምክንያት ይኸው ነው። ሰው የማያውቀውን ፍጥረት በድንገት ሲያይ፥ ካልፈራው ይሥቅበታል።

፪. ሥዕሉ

በሥዕሉ ላይ የሚታየው ሌሊት ነው። ሌሊቱ ግን የመንደር ሌሊት አይደለም፤ ጎጆ የለበትም፥ እሳት የለበትም፥ እግር የሚያሳርፍ መሬትም አይታይበትም። በጨለማው ውስጥ ክንፋም ፍጥረታት በደማቅ ቀለም ተነሥተው ይበራሉ። አካላቸው እንደ ሥጋ አካል ሙሉ ሆኖ አልተሣለም፤ ከብዙ ጥቃቅን አካላት፥ ከነጠብጣብ፥ ከክብና ከላባ መሳይ ነገር የተገጣጠመ ነው። ከሩቅ ሲታይ አንድ ፍጥረት የነበረው ሲቀርቡት የፍጥረታት ጉባኤ ይሆናል።

ከሁሉ ይልቅ ዐይናችን የተያዘው በክቦቹ ነው። ክብ ነገር በሥዕሉ ላይ ተበትኗል። አንዱን ስናየው ኮከብ ይመስለናል፤ ሁለተኛውን ስናየው እንቍላል፥ ሦስተኛውን ስናየው የሚያየን ዐይን። ተመልሰን የመጀመሪያውን ስናየው ኮከብነቱ ይጠፋብናል። ሠዓሊው ይህን ያደረጉት በቸልታ አይደለም። ኮከብ መሆኑን ለማሳወቅ ጨረር መጨመር፥ ዐይን መሆኑን ለማሳወቅ ቅንድብ መጨመር ቀላል ነበር፤ አልጨመሩም። ክቡ ኮከብም እንቍላልም ዐይንም ሆኖ እንዲቀር ፈቅደውለታል።

የሥዕሉ ስም የሚጣመርባቸው ሁለቱ ቃላት፥ ፍርሃትና ደስታ፥ በሥዕሉ ላይ እንደ ቀኝና ግራ ተለያይተው አልተቀመጡም። በመጀመሪያ የሚመጣው ደስታው ነው፤ ቀለሙ ያማልላል፥ ፍጥረቱ ያሥቃል። ፍርሃቱ ዘግይቶ ይመጣል። የሚመጣውም ከፍጥረታቱ አስፈሪነት አይደለም፤ የምንቆምበት መሬት አለመኖሩን ስናስተውል ነው። በራሪዎቹ ወደ ላይ ይውጡ ወደ ታች ይውረዱ የሚለይ ምልክት አናገኝም። እነሱ ሳይሆኑ እኛ ተመልካቾቹ በአየር ላይ ተንጠልጥለን እንገኛለን።

፫. የተለመዱት ሁለት ንባቦች

ስለ እስክንድር የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ በሁለት መንገድ ይሄዳል።

የመጀመሪያው መንገድ ወደ አውሮፓ ይወስደናል። እስክንድር በፓሪስ የጳውል ክሌን ሥዕል ወድደዋል፤ የኩባውን የዊፍሬዶ ላምን ሥራ ተመልክተዋል። ክሌ በ1922 «የምትንጫጫው ማሽን» የተባለውን ትንሽ ሥዕል ሠራ፤ በሽቦ ላይ የተደረደሩ ቀጫጭን ወፎች አሉ፥ ሽቦውም በእጅ የሚዞር መዘውር አለው። ሲያዩት ያሥቃል፤ መዘውሩን ማን እንደሚያዞረው ሲያስቡ ግን ሳቁ ይቀዘቅዛል። የጀርመን ናዚዎች ይህን ሥዕል ከነክሌ ሌሎች ሥራዎች ጋር «የተበላሸ ጥበብ» ብለው ከበርሊን ሙዚየም አውጥተውታል፤ በ1939 የኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ገዛው። ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ መንግሥት ባልፈራው ነበር። እስክንድርም ከክሌ የተማሩት፥ እንደምንገምተው፥ ትንሽና አሣቂ ምልክት ከባድ ነገር ሊሸከም እንደሚችል ነው።

ላም ዘንድ ነገሩ የበለጠ ይጠብቃል። በ1943 «ጫካው» ብሎ በሠራው ሥዕል ሰውና ሸንኮራ፥ አውሬና ቅጠል አንድ አካል ሆነዋል። ፓሪስ ያሉ ገጣሚዎችና ሠዓሊዎች ይህን «ሕልም» ብለው ወደዱት፤ በኩባ ግን ከአፍሪካ በባርነት የተወሰዱ ሰዎች ልጆች በየቤታቸው የሚያመልኩት መንፈስ ነበር። አንዱ አገር ሕልም የሚለውን ሌላው አገር የቤት ሥርዓት ይለዋል። የናይጄሪያው ጸሐፊ አሞስ ቱቱኦላም በ1952 የሞተ የወይን ቀጂውን ፍለጋ ወደ ሙታን ከተማ ስለ ሄደ ሰው መጽሐፍ ባሳተመ ጊዜ፥ ለንደን እንደ አስገራሚ ጨዋታ ስታጨበጭብለት ከራሱ አገር የተማሩ ሰዎች መካከል ያፈሩበት ነበሩ። የለንደን ጭብጨባና የተማሩት ዕፍረት ተቃራኒ ይምሰሉ እንጂ ሥራቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ነገሩን ከቁም ነገር አውጥተውታል። በክፍላችን የተነሣው ሳቅ ከዚህ የራቀ አልነበረም።

ሁለተኛው መንገድ ወደ ደገኛው አገር ብራና ይወስደናል። በደብተራ እጅ የሚጻፈው ክታብ ከፍየል ወይም ከበግ ቆዳ በባለቤቱ ቁመት ልክ ተቈርጦ የሚዘጋጅ ረጅም ጥቅል ነው። በላዩ ላይ ትልልቅ ዐይኖች፥ ሰይፍ የያዙ መላእክት፥ ኮከብ መሳይ መረቦች ይሣሉበታል። ሥዕሎቹ ለጌጥ የተቀመጡ አይደሉም፤ ርኩስ መንፈስ ዐይኖቹን አይቶ እንዲሸሽ የተዘጋጁ ናቸው። የእስክንድርን ዐይኖችና ጥልፍልፍ ከዚህ ክታብ ጋር ማዛመድ የታወቀ ነው፤ ትክክልም ነው። ሠዓሊው ራሳቸው በኋለኛው ሥራቸው ጥቅልንና ብራናን በግልጽ ተጠቅመዋል።

በዚህ ንባብ ላይ የምናነሣው ክርክር ስሕተት ነው ለማለት ሳይሆን በር ይዘጋል ለማለት ነው። «ይህ ሥዕል ኢትዮጵያዊ የሆነው ክታብ ስለሚመስል ነው» ከተባለ፥ ክታብ በቤቱ ኖሮ የማያውቅ የባሮ ልጅ የራሱ ያልሆነ ሥዕል ፊት እንግዳ ሆኖ ይቆማል። ጋምቤላ በባሮ ዳር ያለች ከተማ ናት፤ በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በተደረገ ውል እንግሊዞች የንግድ ጣቢያ አድርገዋት፥ በክረምት ውሃው ሲሞላ ከካርቱም የሚመጡ የእንፋሎት መርከቦች ቡና እየጫኑ ይመለሱባት ነበር፤ ጣቢያው ሙሉ በሙሉ ወደ ኢትዮጵያ እጅ የገባው በ1956 ነው። በክልሉ አኝዋ፥ ኑዌር፥ ማጃንግ፥ ኦፖና ኮሞ ይኖራሉ። ከእነዚህ ሕዝቦች ልማድ ተነሥቶ የኢትዮጵያን አዲስ ሥዕል ለማንበብ የሞከረ ጽሑፍ እኛ አላገኘንም። ስለዚህ እንሞክረዋለን።

፬. መንቶችና ወፎች፤ ወንዝና ዶቃ

ኤቫንስ ፕሪቻርድ በ1956 ስለ ኑዌር ሃይማኖት ባሳተመው መጽሐፍ ጓደኛችን የጻፈውን ያንኑ ዓረፍተ ነገር መዝግቦታል። ኑዌሮች መንቶች ወፎች ናቸው ይላሉ። መንታ ሕፃን ሲሞት «በረረ» እንጂ ሞተ አይሉም፤ ወፍ በዛፍ ላይ ያርፋልና አስከሬኑን በዛፍ ላይ ያኖሩታል እንጂ እንደ ሌላ ሰው በመቃብር አያኖሩትም። መንታ የወፍ እንቍላልም ሥጋም አይበላም። ይህን የሚሉት ሰዎች ዐይናቸው ታውሮ አይደለም፤ መንታ ምንቃርና ላባ እንደሌለው ከማንም ይልቅ እናቱ ታውቃለች።

ታዲያ ምን ማለታቸው ነው? ተመራማሪው የደረሰበት መልስ ይህ ነው። መንታና ወፍ የሚገናኙት በመልክ በመመሳሰል አይደለም። ሁለቱም ከአንድ ሦስተኛ ጋር ስለሚዛመዱ ነው፤ እሱም ኩዎት፥ ማለት ከላይ ያለው አምላክ ወይም መንፈስ ነው። ወፍ በሰማይ ስለሚበር የላይ ወገን ነው፤ መንታም በልደቱ ልዩነት የላይ ወገን ሆኖ ተገልጧል። ስለዚህ በሁለቱ መካከል «እንደ» የሚለውን ቃል ስናገባ ዝምድናውን ከላይ አውርደን በመልክ ላይ እናስቀምጠዋለን፤ በመልክ ላይ ሲቀመጥ ደግሞ ያሥቃል። የመምህሩ ቀይ ቀለም ስሕተትን አላረመም፤ አንዱን አሳብ በሌላ አሳብ ለወጠው።

ከኑዌር አጠገብ የሚኖሩት አኝዋዎች ደግሞ ስለ መኳንንታቸው ዘር ሌላ ነገር ይነግሩናል። ኦቹዶ የሚባል ፍጥረት ከወንዝ ወጣ፤ በዓሣ የተጣሉትን ልጆች ዳኘ፤ በመንደርም ተይዞ ሴት ልጅ ተሰጠው፤ ዘሩም መኳንንት ሆነ። ከእሱ የመጣው «ኡቹዎክ» የተባለው የዶቃ ሐብል የሹመት ምልክት ሆነ፤ አባቱ ሐብሉን ሳያደርግ የቀረ ሰው የመኳንንት መብቱን ያጣ ነበር። አንድ የውጭ አገር ሰው የወንዙን ፍጥረት ታሪክ ቢሰማ «ደስ የሚል ተረት» ይለው ይሆናል። ለአኝዋ ግን ይህ ተረት ስለ ሕግ የሚናገር ነበር፤ ማን እንደሚሾም፥ ማን እንደማይሾም በዚያ ይወሰናል። ትንሽ ክብ ዶቃ አገርን ይሸከም ነበር።

በእነዚህ ሁለት ትምህርቶች ታጥቀን ወደ እስክንድር ሥዕል እንመለስ። ኮከብ፥ እንቍላልና ዐይን የሆነው ክብ አሁን እንቆቅልሽ አይሆንብንም። ሦስቱ በመልክ ስለ ተመሳሰሉ ብቻ የተምታቱ አይደሉም፤ ሦስቱም የአንድ ነገር ወገን ናቸው። እንቍላል ያልተወለደውን ይዟል፥ ዐይን ያልተነገረውን ይዟል፥ ኮከብ ያልተደረሰበትን ይዟል። ክንፋሞቹ ፍጥረታትም ከሰው፥ ከወፍና ከነፍሳት የተቀጣጠሉ አውሬዎች አይደሉም፤ የላይ ወገን የሆኑ አካላት ናቸው። እንዲህ ሲነበብ መሬት አለመኖሩ ራሱ ትርጉም ያገኛል። የላይን ወገን የሚሥል ሠዓሊ የታችን መሬት ምን ያደርግለታል?

የሥዕልንም ጠባይ በዚህ እንረዳለን። ቋንቋ «እንደ» የሚል ቃል አለው፤ ሥዕል የለውም። ሠዓሊ ሰውን በክንፍ ቢሥል ሰውየው ክንፍ አለው፤ «እንደ ወፍ ነው» የሚል ማስተባበያ በሸራው ላይ ሊጽፍ አይችልም። ብዙ ሠዓሊዎች ይህን እንደ ጉድለት ቈጥረው በርእስ ወይም በግልጽ ምሳሌ ሊሞሉት ይጥራሉ። እስክንድር ግን ይህን ጉድለት ኀይል አድርገውታል። «መንቶች ወፎች ናቸው» የሚለው ዓረፍተ ነገር በድርሰት ደብተር ላይ ሲታረም፥ በሥዕል ላይ ሊያርመው የሚችል ቀይ ቀለም የለም።

፭. ሰምና ወርቅ አይደለም

አንባብያን «ይህማ የእኛው ሰምና ወርቅ ነው» እንዳይሉን እንፈራለን። ቅኔም እኮ «እንደ» አይልም፤ ሁለት ትርጉም በአንድ ቃል ያድራል። ነገር ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው። በቅኔ ሰሙ ይቀልጣል፥ ወርቁ ይቀራል። መምህሩ ቅኔውን ሲፈታ ሰሙን ገፎ ወርቁን ያሳያል፤ ወርቁን ያገኘ ተማሪ ሰሙን መልሶ አይፈልገውም። በእስክንድር ሥዕል ግን የሚቀልጥ የለም። «ክንፉ ነጻነት ነው፥ ሌሊቱ ቅኝ ግዛት ነው፥ ዐይኑ ኅሊና ነው» እያልን ብንፈታው፥ ከፈታን በኋላ በእጃችን የሚቀረው ያለ ሥዕሉም ልናገኘው የምንችለው አሳብ ነው። ኑዌርን «ወፍ ማለትህ ቅዱስ ማለትህ ነው አይደለም?» ብንለው ከዓረፍተ ነገሩ ወፉን እንገድልበታለን።

ስለ ኢትዮጵያ ሥዕል የሚጻፈው ሒስ ብዙውን ጊዜ የቅኔ መምህር ልጅ ነው፤ ምልክት ባየበት ሁሉ ወርቅ ይቈፍራል። ለአፈወርቅ መስተዋት ይህ መንገድ ይስማማል፤ ሠዓሊው ራሳቸው ወርቁን አስበው ሰሙን ሠርተውለታልና። ለእስክንድር ግን አይስማማም። የሌሊት በረራውን ተርጕሞ የጨረሰ ሰው ያላየው ሰው ነው ብንል አልተሳሳትንም።

፮. ጥንቃቄና ነቀፌታ

ይህን ሁሉ ስንል እስክንድር መሣሪያቸውን ከባሮ ዳር ወሰዱ ማለታችን እንዳልሆነ አጥብቀን እንናገራለን። የኑዌርን መንቶች ወይም የአኝዋን ዶቃ አስበው ነበር የሚል ማስረጃ የለንም። መምሰል ምንጭ መሆን አይደለም። የምንለው ሌላ ነው፤ ሥዕሉን ለማንበብ የሚረዳ ዕውቀት በሠዓሊው ቤት ብቻ አይገኝም፤ በተመልካቹም ቤት ይገኛል። ክታብ ለደገኛው ይህን ዕውቀት ከሰጠ፥ የመንቶች ነገር ለእኛ ሰጥቶናል። ኑዌርንና አኝዋንም ጎን ለጎን ስንጠቅስ አንድ ሕዝብ ማድረጋችን አይደለም፤ ቋንቋቸውና ሥርዓታቸው ልዩ ልዩ ነው፤ ከኑዌሮችም ከአኝዋዎችም ዛሬ ብዙዎቹ ክርስቲያን ስለ ሆኑ በመጽሐፍ የተመዘገበው ሁሉ ዛሬም ይደረጋል ብለን አንናገርም።

ሥዕሉንም ያለ ነቀፌታ አንተወውም። ጥቃቅኑ ነገር በዝቶበታል፤ ዐይን ዕረፍት ፍለጋ ይዞራል፥ አያገኝም። ሠዓሊው በየአንዳንዱ ላባና ነጠብጣብ የወሰዳቸው ደስታ፥ በስሙ ላይ የተቀደመውን ፍርሃት አንዳንዴ ይሸፍነዋል። ቸኩሎ የሚያልፍ ሰው ጌጥ ብቻ አይቶ ቢሄድ ጥፋቱ ሁሉ የእሱ አይደለም። ይህ ጉድለት በተከታዮቻቸው እጅ ባሰ። ትልልቅ ዐይን፥ ነጠብጣብና ጥልፍልፍ ዛሬ ለጎብኚ በሚሸጥ ሥዕል ላይ ሁሉ ይታያል፤ ዐይኑ ግን ማንንም አያባርርም፥ ማንንም አያይም። በእስክንድር ዘንድ «ነው» የነበረው በእነዚህ ዘንድ «እንደ» ሆኗል፤ ክታብ የሚመስል፥ ጥንታዊ የሚመስል፥ ኢትዮጵያዊ የሚመስል።

አሣቂነትን በሚመለከት አንድ ነገር እንጨምር። በጋምቤላ ረግረግ እንደሚገኝ የተመዘገበ፥ ሰው ደረት የሚደርስ፥ ምንቃሩ የእንጨት ጫማ የሚያህል ግራጫ ወፍ አለ። በሥዕል ያየው እንግዳ «ሠዓሊው ቀልዶ ነው» ሊል ይችላል። ወፉ ግን አይቀልድም፤ ቆሞ ዓሣውን ይጠብቃል። ቀልድና እውነት የሚለዩት በሥዕሉ ላይ ብቻ ሳይሆን ተመልካቹ በየትኛው ውሃ ዳር እንዳደገ ነው።

፯. መደምደሚያ

የጽሑፋችን አሳብ በአጭሩ ይህ ነው። የእስክንድር ቦጎስያን «የፍርሃትና የደስታ የሌሊት በረራ» የቅዠት ጨዋታም የተሸፈነ ምሳሌም አይደለም። ነገሮች በመልክ ሳይሆን በወገን የሚዛመዱበትን ዓለም ያለ «እንደ» የሚናገር ሥዕል ነው። እንዲህ ያለውን ንግግር ለማድመጥ ከደብተራው ክታብም፥ ከኩባው ጫካም፥ ከባሮ ዳር መንደርም መነሣት ይቻላል። ሥዕሉ የሁላችንም የሚሆነው አንዱን ቤት ብቻ ስለሚመስል አይደለም።

ከዚህም ለመጽሔታችን አንድ አሳብ እናቀርባለን። የቀድሞ ዕትሞችን ስናገላብጥ «እንዲህ ተብሎ ይታመናል»፥ «እንደዚህ ይመስላቸዋል» የሚሉ ዓረፍተ ነገሮች በየገጹ አሉ፤ እኛም ጽፈናቸዋል። ከእንግዲህ ከአባቶችና ከእናቶች ቃል ስንሰበስብ፥ የተናገሩትን ዓረፍተ ነገር በመጀመሪያ እንደ ተናገሩት እንጻፈው፤ ማብራሪያችንን ከዚያ በኋላ ለብቻው እናስከትል። መንቶች ወፎች ናቸው ያሉንን «ወፎች ናቸው» ብለን እንመዝግብ። ማብራሪያው ስሕተት ሆኖ ቢገኝ የሚመጣው ተማሪ ያርመዋል፤ ቃሉን ራሱን ካረምነው ግን የሚመጣው ተማሪ የሚያርመው ነገር አያገኝም።

የያኔው ጓደኛችን ያን ድርሰት መምህሩ እንዳዘዙት መልሶ ጻፈው፤ ጥሩ ማርክም አገኘ። የመጀመሪያው ወረቀት የት እንደ ወደቀ አናውቅም። ስለ ሥዕሉም ሆነ ስለ ልማዱ ያልደረስንበት ወይም የተሳሳትንበት ቢኖር፥ መምህራኖቻችንና ጓደኞቻችን በሚቀጥለው ዕትም እንዲያርሙን እንለምናለን።